አለብኝ

ጎተንበርግ፣ የትራም ማደሪያ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
ፉርጎዎቹ ተሰልፈው ውሃ ይወርድባቸዋል፤
እኛ አራታችን በየወንበሩ ሥር ጎንበስ ብለን
ከተማው ጥሎት የሄደውን እንለቅማለን፦
ጓንት፣ የቢራ ጣሳ፣ ያንድ እግር የልጅ ጫማ፣
አንዴም ሙሉ ሰው፣ እንቅልፍ ጥሎት በጨለማ።

እዚህ ልማዱ እንዲህ ነው፤
ኬኩን ገዝቶ የሚያመጣው ባለልደቱ ራሱ ነው።
ያድቪጋ በጥቅምት የፖም ኬክ ጋገረች፣
አለቃችን ስቲግ በኅዳር አረንጓዴ የለበሰ ቶርታ፣
ሚርሳድ በታኅሣሥ ማር የሚያንጠባጥብ ለውዝ።
እኔ «ጠግቤያለሁ»።
በየወሩ «ጠግቤያለሁ»።
ሦስት ዓመት ሙሉ ጥጋብ!
ሰው እየጠገበ ይከሳል ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

መርፌዬን ሽንት ቤት ቆልፌ ነበር የምወጋው።
መብራቱ ሰው ካልተንቀሳቀሰ ራሱን ያጠፋል፤
መርፌውን በጥርሴ ነክሼ፣ ሆዴን ቆንጥጬ፣
በቀረችኝ እጅ እንደ ዋናተኛ አየር እቀዝፋለሁ።
ውጭ ሚርሳድ በሩን ይደበድባል፤
የሁለት ሊትር ውሃው አያስቀምጠውም፣
«ግመሉ» እንለዋለን፣ እንስቃለን።
ኮሪደሩ ላይ ስለ ስኳር የሚያስረዳ ወረቀት ተለጥፏል፣
ሰማያዊ ክብ፣ ከሥሩ የሚስቅ ሰው።
ማንም አላነበበውም። እኔም።

በጥር፣ ሰባት ቁጥር ትራም ውስጥ፣
በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ፤
ጉልበቴ ከዳኝ፣ መጥረጊያው ሁለት ሆነ፣
ምላሴ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጠቀለለ።
«ጠጥተሻል?» አለ ሚርሳድ። ስቲግ አንገቱን ደፋ።
ኪሴን እዳብሳለሁ፤ ከረሜላው ጠፋ።
በእነሱ አልፈርድም። ማን ነገራቸው?
ያድቪጋ ናት፣ ምንም ሳትል፣
ለልጇ የገዛችውን የጭማቂ ካርቶን
በጥርሷ ቀዳ አፌ ላይ ያዋለችው።

በማግስቱ ነገርኳቸው።
ስቲግ «ጣፋጭ ስለምታበዢ ነው?» አለ።
አይደለም፣ ስቲግ። በአገሬ «ቆሽቴ አረረ» የሚል
የተናደደ ሰው ነው፤ የኔ ግን የምሩን አረረ፤
በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ሥራ ለቀቀ፤
ይኸው እስከ ዛሬ ፈረቃውን የምሸፍንለት እኔ ነኝ፣
ያለ እረፍት፣ ያለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ።

በእናንተ ቋንቋ ቀላል ነው፣ አልኳቸው፤
መኪና አለኝ፣ ድመት አለኝ፣ ስኳር አለኝ።
በኛ ግን በሽታ አይኖረንም፤ ይኖርብናል፣
እንደ ብድር፣ እንደ ቤት ኪራይ፣ እንደ ቃል።
ስኳር አለብኝ።
መሀሏ ላይ ያለችውን «ብ» አያችኋት?
ትከሻ ላይ የምትቀመጥ እሷ ናት፤
ሦስት ዓመት ሽንት ቤት ውስጥ የደበቅኳት።

ከዚያ ወዲህ ያድቪጋ አንድ መሳቢያ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጠፈች፣
ጭማቂ ሞላችው፣ የነካ ወዮለት አለች።

መጋቢት ላይ ተራዬ ደረሰ። ኬክ ገዛሁ፤
መለኪያዬንም ከጎኑ አኖርኩ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ አምፖሉ ሥር።
ኬኩ ሳይቆረስ «እኛንም ለኪን» አሉ፣ ለጨዋታ።
ለየጣቱ አዲስ መርፌ።
ያድቪጋ አምስት ነጥብ ሁለት። ስቲግ ስድስት።
ሚርሳድ እጁን ታጥቦ፣ እጅጌውን ሰብስቦ መጣ፤
አሥራ ዘጠኝ ነጥብ አራት።
«አሸነፍኩ!» ብሎ ክንዱን አነሳ።
ያጨበጨበ የለም።
ዓይናችን ሁሉ ባዶው የውሃ ጠርሙስ ላይ ነበር።

ኬኩ እንዳለ ነጋ።
ጤና ጣቢያው ሁለት ሰዓት ላይ ይከፈታል፤
ባጠብነው ትራም፣ ወለሉ ሳይደርቅ፣ አራታችንም ሄድን።
«እስኪ ያቺን ቃልሽን ድገሚያት» አለኝ ሚርሳድ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ።
ደገምኩለት።
«አለብኝ» አለ፣ ጥርት አድርጎ፤ የእሱም ቋንቋ «ኝ» አለችው።
ስቲግ ሞከረ። የስቲግ ምላስ «ኝ»ን አትችልም።
«አለብን» አለ።
አላረምኩትም።