ብረትና ሎሚ

ድካም ነው ስል ከረምኩ፣ ስሙን ሳላውቀው፤
የድሬ ሙቀት ነው፣ ማንን የማያደቀው?
ቀፊራ ገበያ ሎሚዬን ደርድሬ
ለደንበኛ ልቆጥር ብድግ ስል፣ ድሬ
እንደ ባጃጅ ጎማ ትሽከረከራለች፤
ጆሮዬ ውስጥ አንዲት ንብ ታንጎራጉራለች።

«ፀሐይ ነው» ትለኛለች ሂንድያ፣
ቲማቲም የምትሸጥ ከኔ ትንሽ ወዲያ።
«በሰባት ወር ሆድ ማን ቀልጥፎ ያውቃል?
እኔም በአምስቱ እንዲሁ ነበርኩ፤ ያልፋል።»
ያልፋል...
አምስት ወልዳ ሦስት ናቸው የቀሯት፤
ያን ዕለት አላነሳችውም፤ እኔም አልጠየቅኳት።

ለማንም ያልነገርኩት አንድ ጉድ ነበረኝ፤
አፈር አማረኝ።
የደቻቱ አሸዋ ካፊያ ሲያርፍበት የሚያመጣው ሽታ
ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኝ ጀመር፣ ማታ ማታ።
ባሌ ሲያንኮራፋ፣ በጥፍሬ ፈቅፍቄ
የጓሮውን ግድግዳ ጭቃ እበላለሁ፣ ተደብቄ።
አማቴ አው ቡሽራ ቀዳዳውን አይተው
«አይጥ ነው» አሉና ወጥመድ አመጡ፣ ከታይዋን ገዝተው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ሲስተር ወይንሸት
የዓይኔን ቆብ በአውራ ጣቷ ዝቅ አድርጋ ቆየችበት።
«እዚህ ጋ ቀይ ነበር የሚጠበቅ፣ የሚታይ፤
ያንቺ ወረቀት መስሏል፤ እስቲ መዳፍሽን ልይ።»
ጣቴን ወጋች፤ እንደዚያች ጠብታ ደም
ውሃ የበዛበት ቪምቶ እንኳ አይገረጣም።
«ስምንት ነጥብ ሁለት። ደምሽ አንሷል» አለችኝ፤
የድካሜን ስም እንደ ጠፋ ዕቃ አቀበለችኝ።
ቀጥላም ዝቅ ብላ «አፈርስ ያምርሻል?» ስትለኝ
ጭቃው ጥፍሬ ስር ነበር፤ ሳቅ አመለጠኝ።

የብረት ክኒን ሰጠችኝ፣ ስልሳ ፍሬ።
ሂንድያ ስትሰማ፣ «ኧረ አቦ፣ ተዪው!
ሕፃኑን ያገዝፋል፤ ማን ይችላል ያንን በሬ?»
ፈራሁ። ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼ
በአሮጌ ሽቲ ጠቀለልኩት፣ ከአልጋ ስር አስተኝቼ።

አው ቡሽራ አይጥ ሲያሳድዱ ደረሱበት።
መነጽር አድርገው ቆጠሩ፤ ስልሳ። አንድም አልጎደለበት።
«አርባ ዓመት» አሉኝ፣ «ምድር ባቡር አቴሊዬ ውስጥ ሐዲድ ቀጥቅጫለሁ፤
ብረት ሲሳሳ ምን እንደሚያመጣ ከድምፁ አውቃለሁ።
ይቺ ከተማ ራሷ ብረት ውጣ ነው የተወለደች፤
ሐዲድ ባይመጣላት አሸዋ ሆና በቀረች።
የባልሽ እናት ስትወልደው...» ብለው ዝም አሉ።
መሐረብ አውጥተው ላብ የሚመስል ነገር ጠረጉ፣ ቃል ሳይቀጥሉ።
«ዓይኗን ዝቅ አድርጎ ያየ ሰው አልነበረም» አሉኝ ቆይተው።
አንዱን ክኒን መዳፌ ላይ አኖሩት፣ እንደ ትኬት ቆርጠው።

ዋጥኩት፤ ግን በሻይ፣ ያውም ወተት የበዛበት!
ሲስተር ጭንቅላቷን ያዘች፤ «እግሩን እኮ አሰርሽበት!
ሻዩ ከምግብም ከክኒንም ይራቅ፤ ሎሚ ጨምቀሽ ጠጪበት።»
ሎሚ!
ስድስት ዓመት ሙሉ ክምሩ ስር ተቀምጬ፣
ለሰው ጉንፋን፣ ለሰው ሰላጣ ሸጬ፣
ለራሴ አንድ ቀን ሳልጨምቅ ቆርጬ።
ሰገራሽ ይጠቁራል ብላኝ ነበር፤ ጠቆረም፣ እንደ ባቡር ከሰል፤
ባሌ «ባቡሩ ተነሣ!» ይላል፣ ፉጨቱን ሲያስመስል።

ትናንት ሂንድያ ቲማቲም ልታነሳ ጎንበስ ብላ
ቀና ስትል የዣንጥላዬን እግር ያዘች፣ አመድ መስላ።
«ፀሐይ ነው» አለች።
አውራ ጣቴን ከሎሚው ውሃ በሽቲዬ ጠርጌ
የዓይኗን ቆብ አየሁ፣ ቀስ ብዬ ዝቅ አድርጌ።
ወረቀት።
«ስንት ወርሽ ነው?» አልኳት።
«ሦስት። ለማንም አልነገርኩ።»
ሎሚዬን በጆንያ ከደንኩ።
ባጃጅ ጠራሁ፤ ዋጋ እንኳ አልተከራከርኩ።