የዮሴሊን ማኅደር

ሰኔ ነው በቺሎኤ፤ ባሕሩ ደፍርሷል፣
ቆርቆሮው ከማታ ጀምሮ ያወራል።
ነገ ውጤት ማስገቢያ ነው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቁጥር፣
ከአንድ እስከ ሰባት፤ ከአራት በታች ያለው በቀይ ተጽፎ የሚቀር።

ሃያ ስድስቱን ጨርሻለሁ፤ የቀረችኝ አንድ ናት፣
ዮሴሊን ጊኔኦ፣ የጽሑፍ ፈተናው ሁለት ነጥብ የሰጣት።
"የጀልባ ጎድን ተግባሩ ምንድን ነው?" ለሚለው
ባዶ ትታዋለች፤ እስክሪብቶዋ ነጥብ ብቻ ነው የጣለው።

ማኅደሯን ከፈትኩት፤ በስልኳ የሠራቻቸው
አርባ ሦስት ፋይሎች፣ ቀን የተጻፈባቸው።
እሷ ያለችበት ደሴት ኔትወርክ አይደርስም፤
ሳምንቱን ያጠራቀመችው ሰኞ ሳይነጋ አይላክም።
ከመሻገሪያው ጀልባ ወርዳ፣ ስልኳን በካፖርቷ ከልላ፣
ክቧ ምልክት ዞራ እስክትቆም ትጠብቃለች፣ ከደወልም ኋላ።
እኔ ደግሞ አሥራ አንድ ሰኞ፣ በተከታታይ፣
"አርፋጅ" ብዬ መዘገብኳት፤ ምን ታቅፋ እንደቆመች ሳላይ።

ፋይል አንድ ፎቶ ነው፤ ዳር እስከ ዳር የተተረተረ ሳንቃ።
"እንጨቱ እርጥብ ነበር፤ ቸኮልኩ" ብላለች፤ በቃ።
ፋይል ሰባት ድምፅ ነው፤ ግማሹ ዝናብ፣ ግማሹ መጋዝ፣
በመሃል የአያቷ ሳል፦ "እንጨትን ማን ብሎ ሊያዝ!
ይለመናል እንጂ።"

ፋይል አሥራ ዘጠኝ ቪዲዮ ነው፤ ጎድኑ በእንፋሎት ሲታጠፍ፣
እሷ ትንፋሿን ይዛ ስትቆጥር፣ መቶ ሃያን ሳታልፍ
ቀጭ አለ።
ስክሪኑ ጠቆረ፤ ድምፁ ግን ቀጠለ፤ መጀመሪያ ስድብ፣
ቀጥሎ ሳቅ፤ ከዚያ ለወንድሟ፦ "እሳቱን ቆስቁስ፣ ሌላ ጎድን ደርብ!"

መመዘኛዬ ሠንጠረዥ ነው፤ አራት ዓምድ አለው፤
ለዚያ ሳቅ የሚሆን ዓምድ ግን የለው።

ሃያ ስምንተኛው አንድ መስመር ነው፦
"ዛሬ አልሠራሁም። ቁጭ ብዬ የሰው ጀልባ ሳይ ዋልኩ።"
ይኼን ስንት ልበለው?

ፋይል ሠላሳ አንድ ላይ ቆምኩ። ከፎቶው ሥር የእኔ ቃል፣
በሚያዝያ ማብቂያ የጻፍኩት፦ "ጎበዝ! ቀጥዪ" ይላል።
ከሱ ሥር የሷ ጥያቄ፣ በዚያው ዕለት ማታ፦
"መምህርት ኦቲሊያ፣ ምኑ ላይ ነው ጎበዝ? ስፌቱ? የገጠምኩበት ቦታ?
ወይስ ሳያዩት ነው?"

አርባ ሰባት ቀን።
"ጎበዝ" ማኅተሜ ነበር፤ ሃያ ሰባት ቦታ መታሁት፤
የትኛው ሳንቃ ላይ እንዳረፈ ዞሬ አላየሁት።
ማኅደር ማደሪያ ነው ለካ፤
እኔ በደጁ ሳልፍ ነበር የከረምኩት፣ ሳላንኳኳ።

ፎቶውን አሰፋሁት። ሁለት ሳንቃ የተደራረቡበት፣
የአሌርሴ ቅርፊት በጭረት በጭረት የተጠቀጠቀበት፤
ግራው ጥብቅ ነው፤ በቀኝ ግን፣ ጥፍር የምታህል፣
ክፍተት አለች፤ ባሕር የሚበቃት፣ ለመዋል።

ፋይል አርባ ላይ ራሷ አገኘቻት፤ ጀልባዋ ተንሳፍፋ፣
ጣቷን እርጥቡ ላይ አሳርፋ፣
ካሜራውን፣ እኔን፣ ቀና ብላ እያየች፣
"እዚህ ነው። ማንም አልነገረኝም" አለች።
አልተቆጣችም። እንደዚያው ለቀጣዩ ሥራ መዶሻ አነሳች።

ሌሊቱ ተጋመሰ። የቁጥሩን ሳጥን ባዶ ተውኩት፤
ከጥያቄዋ ሥር ገብቼ፣ ሰርዤ ደልዤ፣ ይኼን ጻፍኩት፦

"ዮሴሊን፣ አርፋጅ ብለሽ መዝግቢኝ።
ግራው ስፌት ነበር ጎበዝ ያሰኘሽ፤ ቀኙን ያኔ ልነግርሽ ሲገባኝ
አላየሁም።
ጎድኑ ሲሰበር የሳቅሽውን ደግሞ ዛሬ ሰማሁ፤
ከሁለተኛው ጎድን በፊት ምን ለወጥሽ? እሱን ልጠይቅሽ እፈልጋለሁ።"

ነገ ሰኞ ነው። ከደወል በፊት ወደ መሻገሪያው እወርዳለሁ፣
ክቧ ምልክት ዞራ እስክትቆም
ጃንጥላ እይዝላታለሁ።