ሦስተኛው ኩርባ

(ለእብሬ ይመር፣ ካለህበት)

ፌስታሉን በእጄ፣ ሎሚውን በኪሴ፣
ልጅህን ይዤ ወጣሁ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ።
መንገዱ ቅርብ ነው፤ ጣጣው ሐረጎ ላይ፣
ላብ ችፍ ይልባታል ከቅንድቧ በላይ።
በመጀመሪያው ኩርባ ዝም ትላለች፣
በሁለተኛው ላይ እጄን ትይዛለች፣
ሦስተኛው ላይ — ፌስታል።
ከዚያ ሎሚ ታሸታለች፣ ከዚያ እንቅልፍ ይወስዳታል።

ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ነው የማውቀው።
ፍርድ ቤት ግን ሌላ ነው የሚጠይቀው፦
የልደት ካርድ ቅጂ፣ የቀበሌ ወረቀት፣
ከጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ የደመወዜ ልክ፣ ጉርድ ፎቶ አራት።
የእናቷ ፊርማ አለ፣ በሰማያዊ ቀለም፤
ካንተ ስም ፊት ለፊት መስመር እንጂ ቃል የለም።
ጋዜጣ ላይ ጠሩህ፤ በጠፋ ሊብሬና በጨረታ መሐል፣
«ያለበት ያልታወቀ» ተብለህ ታትመሃል።

ጀልባዋን አንዱ ደረሰች፣ አንዱ ሰጠመች ይላል፤
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ሰው በሁለት ወሬ መሐል እንዴት ይውላል?
አንድ ሰሞን ልጠላህ ሞክሬ ነበረ፤
ሸራ ጫማህን ከአልጋ ሥር ሳገኘው፣ ተረከዙ አልቆ፣
ነገሩ ቀረ።

ችሎት አስከባሪው ብቅ አለ ከበሩ፣
ሦስት ጊዜ ጮኸብህ፣ እስኪያስተጋባ ኮሪደሩ፦
«እብሬ ይመር!»
ሰው እርስ በርሱ ተያየ።
«እብሬ ይመር!»
አንድ ሽማግሌ ሳለ።
«እብሬ ይመር፣ አለህ?»
«አቤት» አለች ልጅህ።

ለምን እንዳለች አላውቅም።
ምናልባት ትምህርት ቤት «ኢክራም እብሬ» ሲሏት ለምዳ፣
ምናልባት ስም ሲጠራ ዝም ማለት መስሏት ዕዳ።
አስከባሪው ሳቀ፤ «አንቺን አይደለም» አላት።
እኔ ግድግዳውን ያዝሁት በዚያ ሰዓት።

ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣
«ስሙስ?» አሉኝ፣ «ያንተን ነው የምትይዘው?»
ኢክራም እብሬ፣ ኢክራም እንድሬ፣
ሌሊቱን በልቤ ስደጋግም አድሬ
የስማችን ጫፍና ጫፍ አንድ ሆኖ አገኘሁት፤
መሐሉ ነው የሚለየው።
መሐሉን እኔ ነኝ የኖርሁት።

ይህን ልናገር ስል እሷ ቀደመችኝ።
«የሱ ይሁን» አለች፤ «ምናልባት ቢመጣ፣
በምን ይፈልገኛል፣ ስሜ ከሱ ስም ከወጣ?»

እኔም «ይሁን» አልሁ። ሸኹም ነግረውኛል፤ ስም የወለደ ነው።
ግን አልዋሽህም፣ እብሬ፤
የሆነ ነገር ወጋኝ፣ እዚህ ጋ፣ ከጎኔ ሥር ነው።

ድሮ ቢሆን ማር ነበር፣ ጣት ላይ የሚቀባ፣
ልጁ አንዴ ከላሰ ማንም በመሐል የማይገባ።
ዛሬ ማኅተም ነው፤ ክብ፣ ሐምራዊ፣ ትንሽ የተዛባ።
ሳይደርቅ አጣጥፌ
ከሎሚው ጋር ኪሴ ከተትሁት።

መልስ ላይ ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል።
«ልጅህ ናት? ታቀፋት» ይላል ረዳቱ፤ ደግሞ ሌላ ሰው ይጠራል።
አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ እግሯ ወለል ይነካል።
ታቀፍኋት።
«ጋሽ እንድሬ፣ አልከበድሁህም?» አለች።
«አባባ» አላለችኝም። አልጠበቅሁም ብል ውሸት ነው፤
ይህን ወረቀት አይጽፈው፣ ይህን ዳኛ አይወስነው።

ቁልቁል ሲሆን ኩርባው ይገለበጣል፤ ቆጠራው ይጠፋኛል፣
እጇ እጄን ሲፈልግ፣ ያን ጊዜ ይገባኛል።
ኪሴ ገባሁ።
ሎሚው ከወረቀቱ ተጣብቆ ከርሞ
ልጣጩ ላይ ሐምራዊ ቀለም ይዞ ወጣ።
አገላብጣ አየችው።
አሸተተችው።