ጠያቂ

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣
ኤልመር ስልኩን ይዞ ላብ ያጠምቀዋል።
ኢሎኢሎ፣ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ፣
ጠረጴዛው ላይ ግማሽ ማንጎ፣ ቢላ፣
አንድ የስም ዝርዝር፣ ሰባ ሁለት ስም፣
ዐሥራ አንዱ የተሰረዘ በቀይ ቀለም።

«እነዚህስ?» አልኩት።
«ድኾች ናቸው፣ ማናንግ ክሪሰልዳ» አለኝ አንገቱን ደፍቶ፣
«ይኼ ዕዳ አለበት፤ ይቺ ደግሞ ባሏ ሞቶ...
እኔስ ብሆን? በስንት መከራ በዲግሪ ተመርቄ፣
ደሴት ለደሴት ወንጌል ላስተምር ከሥራዬ ለቅቄ፣
ደሞዜን ከሰው ኪስ ልልቀም፣ ተሳቅቄ ተሳቅቄ?»

አልሳቅሁበትም። ይህን ላብ አውቀዋለሁ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ለአበዳሪ ቤት ዕዳ ሰብስቤያለሁ።
በር ሳንኳኳ መጋረጃ ይወርድ ነበር፤
«እማዬ ‹የለችም በይ› ብላለች» ትለኝ ነበር
አንዲት ሕፃን፣ በቁልፍ ቀዳዳ።
ያኔ የምጠይቀው የተበደሩትን ነው።
ዛሬ የማስተምረው ማንም ያልተበደረውን መጠየቅ ነው።
የትኛው እንደሚከብድ እስካሁን አልገባኝም።

«በል፣ እኔ የጥርስ ሐኪሙ ነኝ፣ ዶክተር ሃላንዶኒ። ደውል።»
ማንኪያ ጆሮዬ ላይ ደገንኩ። «ሃሎ?»
ስለ ዝናቡ አወራኝ። ስለ ሩዝ ዋጋ።
ስለ ልጆቼ ደኅንነት፤ ሐኪሙ ልጅ የለውም።
ቁጥሩ ጋ ሲደርስ ድምፁ እንደ ሳሙና ሟሟ፦
«ምናልባት... ከተቻለ... ካልሆነም ግዴለም...»

«ቁጥሩን ጥራ! በወር አምስት መቶ ፔሶ።
ከዚያ ዝም በል። ዝምታው የእሱ ነው፣ እንዳትሞላበት፤
በሰው ኪስ ዳኛ አትሁን።
እምቢ ማለት የእሱ ፋንታ ነው፤ አንተ ቀድመህ እምቢ አትበልለት።»

«ልመና ነው» አለ።
«የታመመ ጎረቤት ሲኖር ምን ታደርጋለህ?»
«እጠይቀዋለሁ።»
«የታሰረስ?»
«እጠይቀዋለሁ።»
«እንግዲያው ሰባ ሁለት ሰው አለህ። ጠይቃቸው።»

ረቡዕ ስምንት ሰው ጠየቀ።
አራቱ እሺ፣ ሦስቱ «እስቲ እናያለን»፣
የሂሳብ አስተማሪው ግን «ለምን ሥራ አትይዝም?» ብላ ዘጋችበት።
«ቁስሉን አትነካካው፤ ጻፈው። ቀን፣ ስም፣ መልስ።
ደግሞ በሳምንቱ ሄደህ ጠይቃት፤ እናቷ ታማለች።
ነገ ከሰረዝካቸው በአንዷ ትጀምራለህ» አልኩትና
ቢላዬን ወደ ማንጎው መለስኩ።

ሐሙስ፣ ወደቡ ዳር፣ ከደረቅ ዓሣው ተራ፣
ቀና አላለችም ናናይ ትሪፎንያ ከያዘችው ሥራ፦
«ሰምቻለሁ። ለሐኪሙ ነግረሃል። ለመንደር ሹሙም።
ለእኔ ግን አልነገርክም፤ እኔ ሰው አይደለሁም?»
«እንዳልከብድሽ ብዬ ነው፣ ናናይ...»
«ክብደቴን ማን ለካልህ? ሚዛኑ የእኔ ነው!
የእናትህን የሬሳ ሣጥን ባሌ ነው የተሸከመው።
ያን ቀን ድኽነታችን ትዝ አላለህም።»
ከሽርጧ ኪስ ሠላሳ ፔሶ ቆጠረች፣
የዓሣ ቅርፊት የተጣበቀበት።
«በየወሩ። ካልመጣህ እኔ እመጣብሃለሁ።»

ይህን ሲነግረኝ ሳቀ፣ ከዚያ አለቀሰ፤
ዐሥራ አንዱን ስም አንድ በአንድ በእርሳስ መለሰ።
ሐኪሙ?
«እጸልይበታለሁ» እንዳለ እየጸለየ ነው፣ እስከ ዛሬ።

ማታ፣ ብቻዬን ስቀር፣
እኔም የሰረዝኩት አንድ ስም ትዝ አለኝ።
ኤውሴቢዮ። ባኮሎድ፣ ከባሕሩ ማዶ።
የገዛ ወንድሜ። ሞተር ሳይክሉን በዕዳ የነጠቅሁት እኔ ነኝ፣
በራሴ ፊርማ፣ በልደቱ ሳምንት።
ዘጠኝ ዓመት «አያነሣውም» እያልኩ
በእሱ ቦታ ሆኜ እምቢ አልኩለት።

ደወልኩ። አነሣው።
ስለ ዝናቡ አላወራሁም። ስለ ሩዝ ዋጋም።
«ኤውሴቢዮ፣ እሑድ በመርከብ ልምጣ፣ ልጠይቅህ?»

ከዚያ ዝም አልኩ።
ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ቀጥሏል።
ዝምታው የእሱ ነው። አልሞላሁበትም።