ክራንቻ

ሰድበሪ ላይ የካቲት ነው፤ በረዶው በር ዘግቷል፤
የከርሊንግ ክበቡ ምድር ቤት ግን ከማለዳው ሞልቷል፤
ብሎን፣ ሽቦ፣ ፕላስ፣ መፍቻ በየጠረጴዛው ተዘርግቷል፤
ካንዱ ጥግ የብየዳ ጢስ፣ ካንዱ ጥግ ሳቅ ይወጣል።

የኔን ከቦርሳ አወጣሁት፣ በፎጣ እንደተጠቀለለ፣
ከጫማ ሳጥን ያነሰ፣ ንዴቱ ግን ያየለ።

ስሙ ክራንቻ ነው። እኔ ጥርስ ሠሪ ነኝ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ድረስ
ላላየሁት አፍ መንጋጋ ስቀርጽ፣ ስሞርድ፣ ሳለሰልስ፤
ቅዳሜ ሲሆን እጄ ይገለበጣል፦
የሚነክስ እንጂ የሚያኝክ አይደለም የምሠራው ጥርስ።

ሚዛኑን የሚጠብቀው ሬዮ ነው፣ ጡረተኛ ኒኬል ቆፋሪ፣
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ እንደ ወርቅ ነጋዴ ተጠራጣሪ።
«አራት ግራም ተርፎሃል» አለኝ። አራት ግራም! ሁለት ጥርስ ማለት።
ብሎን ፈታሁ፣ ተለጣፊውን ላጥኩ፣ የሽቦ ጭራ ቆረጥኩ፣
ባለቤቴ የሳለችለትን ዓይን ሳይቀር በስለት ፋቅኩ፤
ዓይኑን አጥቶ ሚዛን አለፈ። (ሳስበው፣ ያኔ ነው የተሸነፍኩ።)

ከጎኔ ጠረጴዛ ኦዴት። አሥራ ሁለት ነው ዓመቷ።
ጥርሷ በሽቦ ታስሯል፤ ሙያ ነውና እሱን ነው ያየሁት ከፊቷ።
ሮቦቷ ፓንኬክ ይባላል፤ ከሽንኩርት መክተፊያ ነው ገላው፣
ቢላዋ የሸረካከተው ነጭ ፕላስቲክ፣ ሽታው ገና ያልለቀቀው፤
መሣሪያ የለው፣ ጥርስ የለው፣ ግንባሩ ብቻ ነው እንደ አካፋ የተዘረጋው።

የመጀመሪያውን ግጥሚያ አሸንፋ፣ ቀኝ ሞተሯ ነደደ፤
ለጥገና ሃያ ደቂቃ ነው፤ ሃያው ወደ አሥር ወረደ።
ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። የተቃጠለውን አንስታ አሸተተች፣
«የአባቴ ቶስት» አለች፤ ሳቀች፤ ወዲያው ሰዓቱን አየች።

ቀጣዩ ተጋጣሚዋ እኔ ነኝ። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።
እጄን አጣጥፌ ብቀመጥ ድሉ በእግሩ ይመጣል፤
ማንም አይወቅሰኝም፤ ሕጉም ሰዓቱም ከኔ ጋር ቆሟል።

ግን አምና የኔ ባትሪ ሲያብጥ፣ ሬዮ ከራሱ ነቅሎ ሰጠኝ፤
በዚያው ባትሪ እሱኑ መታሁት፤ ከዚያ መጥቶ አቀፈኝ።

ትርፍ ሞተሬን አወጣሁ። «መጠኑ አንድ ነው» አልኳት።
እሷ በየደች፣ እኔ ያዝኩላት፤
አንድ ደቂቃ ሲቀር ክዳኑን ዘጋሁላት።

የሳጥኑ በር ተቀረቀረ።
ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ክራንቻ አፏጨ፤ ድምፁ ድዴን ሠረሠረ።
አንዴ ነካሁት፦ ከመክተፊያው ነጭ ፍርፋሪ በረረ፤
ሰዉ «ኡ!» አለ። ደገምኩት፤ ጥጉ ተሸረፈ፣ ተሰበረ።
በሦስተኛው ጥርሱ አካፋውን ሳተ፣ ወለሉን ነከሰ፤
የገዛ ጉልበቱ አነሳው፤ ጣሪያ ነክቶ ተመለሰ፤
በጀርባው ወደቀ፤ ጎማው ለሰማይ ዞረ፣ ማንንም ላያደርስ።

ፓንኬክ አልቸኮለም። ቀስ ብሎ፣ ግንባሩን ከሥሩ አስገብቶ
ገፋው፣ ገፋው፣ እስከ ግድግዳው፣ በኔው ሞተር፣ በቀኙ በርትቶ።

ዳኛው እስከ አሥር ቆጠረ። በእንግሊዝኛ ነው የሚቆጥረው፤
እኔ ግን በልቤ በአማርኛ እከተለው ነበር፤
ዘጠኝ ላይ ትንሽ ቆየሁ፣ ይዘገይ እንደሆነ ብዬ።

ኦዴት መፍቻ ይዛ መጣች፣ ሞተሬን ፈትታ ልትመልስ።
«ገና ሁለት ግጥሚያ አለሽ» አልኳት።
ሽቦ የታሰረውን ሁሉ አሳየችኝ፣ እስከ መጨረሻው ጥርስ።

ሰኞ ጠዋት፣ ላቦራቶሪ። ከክራንቻ ጥርስ መሃል
እንደ ሥጋ ተሰክቶ የቀረውን ነጭ ፍርፋሪ በመርፌ አወጣሁት፤
ከቀለም ናሙናዎቹ ጎን፣ መስኮቱ ብርሃን ላይ አስቀመጥኩት።
ከሁለተኛው ጋር ልክ ነው፦ የልጅ ጥርስ ንጣት።
አሸተትኩት።
አሁንም ሽንኩርት።