ሲጠብቅ፣ ሲላላ

ደብረ ሲና፣ ቅዳሜ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቴ፣
መዝጊያው ግማሽ ወርዶ፣ ጠፍቶብኝ መብራቴ፣
በብስኩት ካርቶን ላይ ከተማ ዘርግተን፣
ሰባት በር፣ ሁለት ግንብ፣ አንድ ወንዝ አስምረን፣
በሞባይል ባትሪ እንጫወታለን።
ቆርኪው ወታደር ነው፣ ንጉሥ የኮት ቁልፍ፣
አስማተኛው ደግሞ የተረፈ የሻማ ጫፍ።

ሸዋንግዛው ስቦ አንድ ካርድ ገለበጠ፣
ገና ሳይጨርሰው ፊቱ ተለወጠ።
«ጉም ሲወርድ» ይላል፣ «አስማተኛው ይመታል።»
በቃ፣ ይኸው ነው፤ አራት ነጥብ ይከተላል።

«መታ!» አለ ዘሎ፣ «ግንብሽን ናደልኝ፣
ሦስቱን ቆርኪ አንሺ፣ በሩን ክፈቺልኝ!»
«ቀስ» አለችው ትርሲት፣ ካርዱን ነጥቃ አይታ፣
«ጠበቅ አርገህ አንብበው፤ ያንተው ሰው ተመታ!
ጉሙ ነው ጉልበተኛው፤ እሱማ ምን አለው?
ዱላው ያረፈበት፣ ተቀባዩ እሱ ነው።»
«ላላ ነው!» «ጠበቅ ነው!» «ላላ!» «ጠበቅ!» አሉ፣
አንዲቷን ቃል እንደ ገመድ
ጫፍና ጫፍ ይዘው ተንጠለጠሉ።

ምንተስኖት ደንቡን ከካርቶኑ ሥር ሳበ፣
ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ቀስ ብሎ አነበበ፦
«ቃሉ ካከራከረ ባለካርዱ ይፍታ።»
ባለካርዱ ማነው? የያዘው ነው ጌታ?
ወይስ የጻፈው ሰው? ይኸው ሌላ ክርክር፣
አንዱ ቋጠሮ ሲላላ፣ ሌላው ሲጠብቅ በክር።

አቶ ደምሰው ነበሩ፣ ሚኒባስ ያመለጣቸው፣
የወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ያሸበታቸው፣
ደጃፌ ላይ ቆመው፣ ሳቅ እየቀደማቸው፦
«እኛም ገጥሞን ነበር። የምስክር ቃል ነው፣
‹ጥላዬ በየማታው ይመታል› የሚለው።
መቺ ነው ተመቺ? ሦስት ቀጠሮ ሰጠን።
በኋላ ምስክሩ ይምጣ፣ በአፉ ይበለን
ብለን ብንልክበት፣
ተቀብሮ ጠበቀን።»

የጻፈው ግን አለ። ናሁሰናይ ይባላል፣
ደብረ ብርሃን፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ ሌሊት ፈረቃ ይሠራል።
ደወልን። ቃሉን አለው። ግን በማሽኑ ጩኸት
መሐሉ ተበልቶ «ይመ…ል» ሆኖ መጣ፣ ምንም የለው ድምፀት።
«ድገመው!» ደገመው። ያው ነው። ከዚያ ጮኾ፦
«ምን አስቸገራችሁ? ረቂቁን እዩት እኮ!
የሚጠብቀው ፊደል ነጥብ አለው አናቱ ላይ፣
የኔታ እንዳስተማሩኝ፣ አታዩም ወይ?»

እኔ ነኝ የተየብኩት።
ሃምሳ ሁለቱን ካርድ፣ በወዳጅ ሒሳብ።
ያን ጊዜ ረቂቁ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ
ከፊደሉ አናት አናት ተበትኖ አየሁና
የዝንብ ኩስ መሰለኝ።
መጀመሪያ ላጲስ፣ ቀጥሎ ነጭ ቀለም፤
ደንበኛ ንጹሕ ሥራ ይወዳል፣ እድፍ አይወድም።
የትኛው ቃል ላይ እንደነበር
አሁን ብትገርፉኝ አላስታውስም።
ረቂቁም ክረምት ላይ የቆሎ መጠቅለያ ሆኖ አለቀ።
ዝም አልኩ። ማንም አልጠየቀ።

ባትሪው ሞተ። ውጭ ከታርማበር ጉሙ ወረደ፣
አንድ ሲኖትራክ ጥሩምባውን እየነፋ ቁልቁል ሄደ።
ትርሲት በዳበሳ አስማተኛውን አነሳችና ለኮሰችው፣
በእሱው ብርሃን ካርዱን እንደገና አየችው፣
ወደ እሳቱ አስጠግታ፣ ፊደል በፊደል።
አንዲት ጠብታ ወደቀች
«ታ» አናት ላይ፣ ልክ ከመሐል።

«ነጥብ ነው» አለች ትርሲት።
«ሰም ነው» አለ ሸዋንግዛው።