የኋላ ወንበር

ደብዳቤው አጭር ነው፣ ማህተሙ ሰፊ፦
«ወላጅ ይዛ ትቅረብ። ሞባይል። ደጋሚ አጥፊ።»
ቅዳሜ ጠዋት፣ ገበያ በሚደራበት ሰዓት ሱቄን ዘጋሁ፤
ለገሃር፣ ከፎቁ ደረጃ ሥር፣ ሰው አጎንብሶ የሚገባባትን ቆልፌ ወጣሁ።
ሥራዬን አትጠይቁኝ፤ እንጀራዬ የተሰበረ ስልክ ነው፤
የሰው ስክሪን መሰንጠቅ ለኔ የቤት ኪራይ ነው።

አራት ኪሎ፣ ስምንተኛ «ሐ» ክፍል፤ ዴስኩ ለልጅ ጉልበት የተሠራ፣
እኛ ጉልበት በዝቶብን፣ በጎን ተቀመጥን በተራ።
እንደ ስማቸው አቶ ከልካይ ከሁሉ ቀድመው ተነሱ፣
«ይሰብሰብ! ይቆለፍ!» አሉ፣ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ጣት እያነሱ።
ወይዘሮ ሐያት፦ «እኔኮ ልጄ ሁለት ታክሲ ትቀይራለች፤
ደረሰች? አልደረሰችም? ካልደወለች ነፍሴ ከየት ታውቃለች?»
አንዱ ስለ ቲክቶክ፣ አንዱ ስለ ቁማር አወሳ፤
ከመሃላችን ስልክ ጮኸ፤ የሁሉም እጅ ኪስ ገባ፤ ባለቤቱ አፈረ፣ አላነሳ።

እኔ ዝም።
አንድ ማታ ታክሲ አጥታ ስትጠፋብኝ፣ ስልክ የገዛሁላት እኔ፤
ምን አፍ አለኝ? ጥፋቱስ ከማን ነው፣ ከሷ ወይስ ከኔ?

መምህር ሽብሩ ተነሱ፣ ጠመኔ የነካው ጋዋን ለብሰው፦
«ሰባ አራት ናቸው። ልጽፍ ስዞር ከጀርባዬ ስልክ ይበቅላል፤ ማንን ትቼ ማንን ልክሰሰው?
ደክሞኛል።» ለዚህ የሚሆን መልስ ጠፋ፤
ሊናገር የተነሳ እጅ ሁሉ በየጭኑ ተደፋ።

ስልኳን በፖስታ አሽገው ሰጡኝ።

ቁልቁል በእግሬ ወረድኩ። ስታዲየም ስደርስ ባቡሩ ከራሴ በላይ አለፈ፤
በየመስኮቱ ሰው አቀርቅሯል፤ ሁሉም በየስልኩ ተጠለፈ።
የይለፍ ቃሏን አላውቅም፤ መክፈት ግን ሙያዬ ነው፣ ከፈትኩ፤
እንደ ሌባ በልጄ ደጅ፣ በእግሬ ጣት እየረገጥኩ።

የፈራሁት ነበረ፤ የወንድ ስም፣ የማይባል ነገር።
ያገኘሁት ሰሌዳ ነው። ሰሌዳ። እንደገና ሰሌዳ።
አራት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ፤ በሰው አናት መሃል፣ በተደበቀ እጅ የተነሳ፣
ጎትታ ያቀረበችው፣ የአልጀብራው ኤክስ ዝሆን አክሎ፤ ሥሩ «ማታ ይገልበጥ፤ እንዳይረሳ።»
የሚታየውን ማን ፎቶ ያነሳል? ያልታየው ነው የሚነሳ።

ከኋላ ወንበር ልጄ ሰሌዳው አይታያትም።
ቲቪ ስትጠጋ «ራቂ፣ ዓይንሽ ይጠፋል» እላታለሁ እንጂ፣ «ለምን?» ብያት አላውቅም።
እኔ! ቀኑን ሙሉ አጉሊ መነጽር ግንባሬ ላይ አስሬ፣
የፀጉር ያህል የቀጠነ ሽቦ የምበይድ፣ ትንፋሼን ቆጥሬ፣
ከሩዝ ፍሬ ያነሰች ቺፕ የማትጠፋኝ፣
ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ ጠፋችኝ።

ከሱቄ ትይዩ መነጽር ቤት አለ፤ ባለቤቱን ስምንት ዓመት አውቀዋለሁ፤
ዛሬ ገና ለራሴ ጉዳይ በሩን አንኳኳሁ።
የሦስት ስክሪን ዋጋ ነገረኝ። ይሁን።
አቶ ከልካይ ምናልባት ትክክል ይሆናሉ፤
እኔ ግን ሰኞ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ከኋላ ካሉት ስንቶቹ ያያሉ?

ማታ ኤልዳና ፖስታውን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ፤ ቁጣ ነበር የጠበቀችው።
አልተቆጣሁም። ከበሩ አጠገብ አቆምኳት፤
ግድግዳው ላይ ያለውን ካሌንደር «እስቲ ወሩን አንብቢልኝ» አልኳት፤
ዓይኗ ጠበበ፣ ግንባሯ ተቋጠረ፣
«ጥ… ጥቅምት» አለች።
ጥር ነበረ።